የርእሰ ደመና ተራራ ዜናና የውሃው ፍርድ

ተራራ፣ ከሩቅ ለሚመለከተው ሁሉ አንድ መልክ ብቻ ያለው የሚመስል፣ ለሚወጣው ግን በየእርምጃው መልኩን የሚለዋውጥ፣ ታላቅና ዝምተኛ ፍጥረት ነው፤ ስለዚህም ከቀደመው ዘመን ጀምሮ ስለ ተራሮች የተጻፈው ዜና ሁሉ፣ ወጥተው ከደከሙት ይልቅ ከግርጌው ተቀምጠው አንገታቸውን ባቀኑ ሰዎች እጅ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ምስጋናው የበዛ፣ ልኩ ግን የጎደለ ሆኖ ይገኛል። ይህን ስንል የሚቆጡ ሊቃውንት እንዳሉ እናውቃለን፤ ይቆጡ፤ እኛስ የሊቃውንትን ቍጣ የምንፈራበት ዕድሜ አልፎናል። የሰው ልጅ ዳገትን በእግሩ ከመለካት በቃሉ መለካት ይቀለዋል፤ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ፣ ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ክብርን ይለብሳል፤ ክብር የለበሰውንም ቃል ትውልድ ሁሉ ሳይመረምር ይሳለመዋል፣ ይማልበታል፣ ይፈርድበታል። ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የምንተርክልህ የእንዲህ ያለ ቃል ታሪክ ነው፤ ጀግና የለበትም፣ ጦርም አይሰበቅበትም፤ የደከሙ ሰዎችና የአንድ ምንጭ ነገር ብቻ ነው።

በመጻሕፍት ርእሰ ደመና፣ በባላገሩ አንደበት ግን ጉም ራስ የሚባል ተራራ ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ ተራራ ወዴት ይሄዳል? ግርጌውን ወይራና ዝግባ ከብበውታል፤ ከዚያ በላይ የገብስ ማሳ እንደ ደረጃ እየተነባበረ ይወጣል፤ ገብሱ ብርዱን ፈርቶ በሚቆምበት ስፍራ አስታ የሚባለው ቍጥቋጦ ይጀምራል፤ አስታውም ሲያልቅ ጅብራ የሚባለው ረዥምና ብቸኛ ተክል ብቻ በጉም ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጫፉ ሁለት የዐለት ቀንድ ነው፤ በሁለቱ ቀንዶች መካከል ጓሳ የሚባለው ረዥም ሣር የሞላበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ቈላውና ደጋው በድርቅ ሲነድ እንኳ ይህ ሜዳ የጉሙን ጠል እየጠጣ እንደ ለመለመ ይኖራል። በሜዳው መካከል ምንጭ ይፈልቃል፤ ጥቂት እርምጃ ከፈሰሰም በኋላ በዐለት አፍ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል። ከተራራው በምሥራቅ እንጾ ማርያም፣ በምዕራብ ዝግቦ የሚባሉ ሁለት አገሮች አሉ፤ በሁለቱም ግርጌ አንዳንድ ምንጭ ይወጣል፤ የትኛው የጫፉ ውሃ እንደ ሆነ ግን ከታች ሆኖ የሚያውቅ የለም። ታሪኩም እንደ መልኩ ብዙ ነው፤ ባሕታውያን ጾመውበታል፣ በወረራ ዘመን ሕዝቡ ታቦቱንና ዘሩን ይዞ ተሸሽጎበታል፣ ወንድሙን የፈራ መስፍንም ወንድሙን አስሮበታል፤ በመጨረሻ ሁሉም ሲወርዱ ተራራው ለከብት ቀረ። ስለ ከብቱም ከአባቶች የወረደ አንድ ሥርዓት ነበር፤ የጫፉ ውሃ ለሚወርድለት አገር ጓሳው የእርሱ ነው የሚል።

የዚህን ተራራ ዜና በብራና ላይ ያሰፈሩት መሪጌታ ዘርአ ጽዮን ናቸው። የእንጾ ማርያም ተወላጅ፣ የቅኔ መምህር፣ ጽሕፈታቸው ያማረ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ መጽሐፉን የጻፉት ገና በሠላሳ ዓመታቸው፣ መምህራቸው መምህር ገብረ ኄር ቃል በቃል እየነገሯቸው ነበር። መምህር ገብረ ኄር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ነገር ግን ብሉዩን ከሐዲሱ፣ ትርጓሜውን ከምሥጢሩ በልባቸው የያዙ፣ አገር የሚመካባቸው ሊቅ ስለ ነበሩ፣ ማየት አለመቻላቸውን ማንም እንደ ጉድለት አይቈጥረውም ነበር። የተራራውን ነገር እሳቸው ከመምህራቸው ሰምተው ነበር፤ እኚያም ከመምህራቸው። «ወማዩ ይውኅዝ መንገለ ምሥራቅ» አሉ፤ ውሃው ወደ ምሥራቅ ይፈሳል ማለት ነው፤ ዘርአ ጽዮንም ከፊቱ «ይቤ መምህርነ»፣ መምህራችን አለ፣ የሚለውን ጨምረው ጻፉ። በዚያ ጉባኤ ቤት፣ መምህሩ የተናገረውን ሄጄ ላጣራ የሚል ደቀ መዝሙር ወጪት ሰባሪ ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀለሙን ከመበጥበጣቸው በፊት፣ ወጣቱ ጸሐፊ እስከ አስታው ድረስ ወጥተው ነበር፤ ዝናብ መጣ፤ እሳቸውም የእኔ ዓይን ከመምህሬ ልብ ይበልጣልን ብለው ተመለሱ። በዚያን ቀን ይህን ማለታቸው ትሕትና መስሏቸው ነበር።

መጽሐፉም ተጠረዘ፣ ተደጎሰ፣ በእንጾ ማርያም ዕቃ ቤት ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ዳኛ ሁሉ የጓሳውን ነገር በእርሱ ፈረደ። እንጾዎች በተራራው አንገት ላይ፣ መንገዱ በሚጠብበት ስፍራ፣ የእንጨት በር ሠርተው ዘበኛ አቆሙ። በዚያ አገር የውሃ ክርክር በተነሣ ጊዜ ገለባ መጣል የሚባል ልማድ ነበር፤ በላይኛው ምንጭ የገብስ ገለባ ይበተናል፣ የአንደኛው ወገን ሽማግሌዎች በሌላው ወገን ምንጭ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ገለባው ለወጣበት አገር ይፈረድለታል። ስለ ርእሰ ደመና ግን መጽሐፍ ሳለ ገለባ መጣል መጽሐፉን መድፈር ነው ተብሎ ልማዱ አንድ ቀን እንኳ አልተፈተነም። መጽሐፉ በተጻፈ በሃያ ዓመቱ ክፉ ድርቅ ሆነ፤ የዝግቦ ከብት ከበሩ ደርሶ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ሣር እያሸተተ ወደቀ፤ ከከብቱም በኋላ በወተት የሚያድሩ ሕፃናት ተከተሉ። መሪጌታ ይህን በሰሙ ጊዜ እግዚአብሔር ያጥናችሁ የሚል መልእክት ልከው ወደ ቅኔያቸው ተመለሱ። ክፉ ሰው ስለ ነበሩ አይደለም፤ መጽሐፍ ለፈረደበት ሰው ማዘንን እንጂ የፈረደውን መጽሐፍ መመርመርን አልተማሩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ ሰማዩ እንደገና ተዘጋ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ዘገየ፤ ዝግቦዎችም የቀረቻቸውን ጥቂት ከብት ለማትረፍ፣ በዚያ ግዛት ዳኛ በቀኛዝማች መርድ ፊት ከሰሱ። ቀኛዝማች መርድ አንድን ነገር ለሦስተኛ ዓመት መስማት የሰለቻቸው፣ ፍትሕን የሚወዱ፣ ነገር ግን ምሳቸውንም የማይጠሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሾላው ሥር ተቀምጠው መጽሐፉን አስነበቡ፤ ጸሐፊው በሕይወት ስላሉ፣ እንደ ጻፉት ነው ብለው ከማሉ ነገሩ በዚያው እንዲያልቅ፣ ካልማሉ ግን ሌላ ማስረጃ እንዲፈለግ ወሰኑ። የእንጾ ሰዎች ደስ አላቸው፤ መሐላው ከመምህር የሰሙትን ለመመስከር እንጂ ሌላ ሸክም አልነበረውምና። የዝግቦው ነገረ ፈጅ አያ ጓንጉል፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ፣ በአነጋገሩ ግን የማይቸኩል አዛውንት፣ ተነሥቶ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ የእኛም ነገር ይኸው ነው፣ ላም አለኝ በሰማይ ስንል አረጀን ብሎ ሸንጎውን ጥቂት ካሳቀ በኋላ ወደ መሪጌታ ዞረ።

«መሪጌታ፣ በመጽሐፍዎ ላይ ክፉ ቃል አልናገርም፤ ማንበብም አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ውሃውን በዓይንዎ አይተውታል?»

መሪጌታ ዘርአ ጽዮንን በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስለ ዜማው፣ ስለ ሰዋስዉ፣ ስለ ሐረጉ ቀለም የጠየቋቸው ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ዓይናቸው ግን ማንም። ከጎናቸው የተቀመጠው የእህታቸው ልጅና ደቀ መዝሙራቸው ይርዳው፣ የእንጾ ማርያም ገበዝ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አደረገው፤ ዝም ማለትም መልስ ነው ለማለት ነበር። ሰባ ሁለት ዓመት ለሆናቸው ሰው ግን ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ጧት ያ ጉልበት እንዳልቀራቸው በድንገት አወቁ። «አላየሁትም» አሉ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ራሳቸው ወጥተው ገለባ እንዲጥሉ ይፈቀድላቸው ዘንድ ለመኑ። ቀኛዝማች መርድ በሽምግልናቸው አዝነው ሌላ ሰው ይላክ አሉ፤ መሪጌታ የጻፍሁት እኔ ነኝ ብለው እምቢ አሉ። ዳኛውም እንግዲህ ይሁን፣ ገለባው በሰባት ቀን ውስጥ በአንዱ ምንጭ ካልታየ መጽሐፉ እንደ ጸና ይኖራል ብለው ፈረዱ፤ ሽማግሌዎቹም በመሐላ ታስረው ወደየምንጩ ተላኩ።

ይርዳው ለጉዞው በቅሎ ሲጭን ተቆጥቶም አዝኖም ነበር። ሙግቱን ሁሉ እዚህ አንጽፈውም፤ ብዙውም እውነት ነበረው። የእንጾም ሰማይ ተዘግቷል፤ ጓሳው ከተወሰደ የእንጾ ጥጃ ምን ይበላል? የመምህር ገብረ ኄር ስም በአገሩ ሁሉ መሳለቂያ ሲሆን ማን ይደሰታል? መሪጌታ መጫሚያቸውን ማሰር በጀመሩ ጊዜ፣ ይርዳው እስከዚያ ያልተናገረውን ተናገረ። «የኔታ፣ ከመምህርዎ መቃብር አጠገብ ለእርስዎ ብለን የተውነው ስፍራ አለ። ውሃው ወደዚያ ማዶ የሄደ እንደ ሆነ፣ ገበዝ ብሆንም ያንን ስፍራ ላስከፍትልዎ አልችልም። ሕዝቡ አይፈቅድልኝም።» መሪጌታ ለረዥም ጊዜ ስለዚያ ስፍራ ሲያስቡ ኖረዋል፤ በሽምግልናቸው ተስፋ የሚያደርጉት ርስት ያ ብቻ ነበር። ሆኖም ቋጠሮውን አጠበቁና ተነሡ፤ ይርዳውም ሽማግሌውን ብቻቸውን መስደድ አልሆነለትምና ልጓሙን ይዞ ከፊት ቀደመ።

መንገዱ የወሰደው ሦስት ቀን ነበር፤ ጐልማሳ በአንድ ቀን ይወጣዋል። እስከ ገብሱ ማሳ መጨረሻ በቅሎዋ ተሸከመቻቸው፤ ከአስታው በላይ ግን መሄጃው ለበቅሎ አይሆንምና በእግራቸው ሆነ። ሃያ እርምጃ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ተቀምጠው ይነሣሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ለምን እንደ ተነሡ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ከድካሙ የከፋባቸው ግን መጽሐፋቸው ነበር። ዓሥራ ሁለት በሮች አሉት ብለው የጻፉት አቀበት ሦስት እንኳ አልሞላም፤ ታላላቅ ጽድ የከበበው ነው ያሉት ወገብ ከድንጋይና ከአስታ በቀር ምንም አላበቀለም፤ የባሕታውያን ማደሪያ ብለው በሦስት ገጽ ያመሰገኑት ዋሻ ሁለት ሰው የማያስጠልል፣ የጭላዳ ማደሪያ ጕድጓድ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ስሕተት አፈሩ፤ በሁለተኛው ተናደዱ፤ በሦስተኛው ሳቅ መጣባቸው፤ ይርዳው ምን እንደሚያስቃቸው ቢጠይቃቸው፣ እጄ እንዴት ያለ ደግ ነበር፣ ለተራራው የሌለውን ሁሉ ሰጠው ብለው መለሱለት። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቁም፤ ያን ሁሉ የሌለ ነገር የጻፈ እጅ ስለ ውሃው ያለው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል እያሰቡ፣ በፍርሃት ወጡ።

ጫፉን በረገጡበት ቀን ረፋዱ ላይ ጉሙ ገለል ብሎ ሜዳው ወለል አለ። ጓሳው እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ምንጩ በመካከሉ፣ ክንድ በማትሞላ ጕድጓድ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ ይፈልቃል። መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ተጠጉ፤ ውሃውንም በዓይናቸው ተከተሉት፤ ውሃው ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ወደ እንጾ ማርያም አቅጣጫ ሄዶ በዐለቱ አፍ ይገባል። ሽማግሌው ተንበርክከው አለቀሱ፤ መምህራቸው አልዋሹም ነበር፣ የመምህራቸውም መምህር አልዋሹም። ይርዳው ጕልበታቸውን ስሞ፣ ጓንጉል የጠየቀው አይተውታል ወይ ብሎ ነው፣ ይኸው አዩት፣ እንግዲህ በእውነት ይማሉና እንውረድ አላቸው፤ የገለባውንም ስልቻ ሳይፈታ ወደ ትከሻው መለሰው። በዚያ ስፍራ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ገለባው ባይጣል፣ ከታች ያሉት ሽማግሌዎች ሰባት ቀን ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ መጽሐፉ ይጸናል፤ መቃብሩም በስፍራው ይቆያል፤ ከመሐላውም ውስጥ አንዲት ሐሰት የሆነች ቃል አትገኝም።

መሪጌታ ከዐለቱ አፍ አጠገብ ተቀመጡ። ደክሟቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከእግዚአብሔርም ከሰውም የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ነበር፣ እሱም ከዚህ በላይ ምንም አለመጠየቅ። ነገር ግን ውሃው በፊታቸው እየገባ ይጠፋ ነበር፤ ከሚጠፋበትም ወዲያ ወዴት እንደሚዞር አላዩም፣ መምህራቸውም አላዩም፣ ምናልባትም ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ይህንኑ ሃያ እርምጃ አይቶ፣ ደክሞትም ሳይሆን አይቀርም፣ የቀረውን በግምት ሞልቶ ወርዶ ነበር። ያ ሰው ማን እንደ ነበር አያውቁም፤ ድካሙን ግን አወቁት፤ የራሳቸው ነበርና። «ይርዳው» አሉ፣ «ስልቻውን ፍታልኝ።» ይርዳውም የመምህሩን ቃል እምቢ ማለት አላደገበትምና ፈታላቸው። ገለባውን በሁለት እጃቸው እየዘገኑ ወደ ዐለቱ አፍ ሰደዱት፤ እስከ መጨረሻው ዘለላ ድረስ።

ገለባው በተጣለ በአራተኛው ቀን በዝግቦ ምንጭ ወጣ። በዚያ የተቀመጡት የእንጾ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ መደበቅ ይችሉ ነበር፤ መሐላቸውን ግን ፈሩ፤ እርጥቡን ገለባ በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው በቀኛዝማች መርድ ፊት ፈቱት። ዳኛው ጓሳውን ለዝግቦ ፈረዱ፤ መጽሐፉም ከዚያ ወዲህ ሌላ ዳኛ እንዳያስት ጸሐፊው ራሱ እንዲያርመው አዘዙ። መሪጌታ ከጧት እስከ ቀትር ምላጩን ይዘው በብራናው ላይ አቀርቅረው ዋሉ። ስሕተቱን ሁሉ ወደ ራሳቸው ወስደው የመምህራቸውን ስም ማዳን ይቻላቸው ነበር፤ ነገር ግን ያም ሌላ ያላዩትን ነገር መጻፍ ሆነባቸው። «መንገለ ምሥራቅ» የሚለውን ፍቀው በስፍራው «መንገለ ምዕራብ» ብለው ጻፉ፤ በኅዳጉም ላይ መምህራችን የሰማውን ነገረን፣ እኔ ግን ሳላይ ጻፍሁ የሚል ቃል አኖሩ። ይርዳው መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ ዕቃ ቤት ሲያስገባ እጃቸውን አልሳመም። የመቃብሩን ነገር አላነሣም፣ እሳቸውም አልጠየቁትም።

በማግሥቱ የዝግቦ ከብት ወደ ተራራው ወጣ። መሪጌታ ማንም ሳይጠራቸው ሄደው በበሩ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሊመሰገኑ ወይም ሊሰደቡ እንደ ሄዱ እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ማንም አላመሰገናቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። ዝግቦዎች በሩን አላፈረሱትም፤ ዘበኛውን ብቻ ለወጡ። የከሱ ላሞች እየተንገዳገዱ አለፉ፤ በመጨረሻ አያ ጓንጉል ሦስት ላም እየነዳ መጣ፤ ሽማግሌውን ባየ ጊዜም ቆሞ ራሱን ገልጦ ሰላምታ ሰጣቸው። በፊቱ ላይ ቍጣ አልነበረም፤ ቍጣው ከብዙ ዓመት በፊት አልቆ ነበር። «እግዜር ይስጥልን፣ መሪጌታ። ይህ ፍርድ በዚያኛው ድርቅ ጊዜ ሆኖ ቢሆን ግን፣ እነዚህን ላሞች ዛሬ የሚነዱልኝ ሦስት ልጆች ይኖሩኝ ነበር» አላቸውና፣ መልስ ሳይጠብቅ ላሞቹን ተከትሎ ወደ ጉሙ ገባ። ብራና የተሸከመውን ስሕተት ምላጭ ይፍቀዋል፤ ስሕተቱ በሰው ቤት ውስጥ የጻፈውን የሚፍቅ ምላጭ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተሳለም።